አል ቢሩኒ፤ በአድማስ ምድርን የለካ ሊቅ

በባሕር ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው፥ ውሃው በሩቅ ከሰማይ ጋር የተጋጠመ ይመስለዋል። ይህን የዓይን ዳርቻ አድማስ እንለዋለን። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ከባሕሩ ዳር ሆኖ የሚያየው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 100 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ላይ ቢወጣ ግን 36 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። ምድር ድቡልቡል ስለ ሆነች፥ ከፍ ባልን ቁጥር ተሸሽጎ የነበረው ይገለጥልናል። በዚህ ምሥጢር ተጠቅሞ የምድርን መጠን ያወቀውን የአቡ ራይሐን አል ቢሩኒን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

አል ቢሩኒ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ973 ዓ.ም. በማዕከላዊ እስያ፥ በኽዋሪዝም አገር ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ተማረ። በ995 ዓ.ም. ግን በአገሩ ጦርነት ስለ ተነሣ ተሰደደ። ኋላም ተመልሶ በሰላም ሲሠራ፥ በ1017 ዓ.ም. የጋዝኒው ሡልጣን ማሕሙድ ኽዋሪዝምን ድል አድርጎ ያዘና ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደ ጋዝኒ ወሰደው። የአገሩ ኑሮ በዚህ ተቋረጠ፤ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም።

ከእርሱ በፊት በኸሊፋ አል ማሙን ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ምድርን ለመለካት በበረሃ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረባቸው። አል ቢሩኒ ግን ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በናንደና ምሽግ ሳለ፥ እንደ ባሕር የተዘረጋ ሜዳ ከፊቱ ያለበት ተራራ አገኘ። በመጀመሪያ የተራራውን ከፍታ ከሜዳው ላይ ሆኖ ለካ፤ 652 ክንድ ሆነ። ቀጥሎ ከተራራው ራስ ወጥቶ አድማሱ ከዓይኑ ትክክል ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በመሣሪያ መረመረ፤ 34 ደቂቃ፥ ማለት ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ አገኘው።

ከዓይን ወደ አድማስ የሚሄደው መስመር ምድርን በሚነካበት ቦታ፥ ከምድር ማዕከል ከሚመጣው መስመር ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ ከፍታውና ማዕዘኑ ከታወቁ የቀረው የሒሳብ ሥራ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ያገኘው ውጤት፥ ከማዕከል እስከ ገጽ 6371 ኪሎ ሜትር ከሆነው ከዛሬው ልክ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። አየር ብርሃንን ጥቂት ስለሚያጎብጥ ማዕዘኑን ያለ ስሕተት መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ዘዴው ግን እውነተኛ ነው።

አል ቢሩኒ የሳንስክሪትን ቋንቋ ተምሮ በ1030 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሕንድ ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። ከመቶ በላይ ሥራዎችን ካዘጋጀ በኋላ በ1048 ዓ.ም. ገደማ በጋዝኒ ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ወዳልመረጠው አገር ቢወሰድም፥ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የሚመረመር ነገር አላጣም። በክፍላችን የምንማረው የሦስት ማዕዘን ሒሳብ እርሱ ምድርን የለካበት መሣሪያ ነውና፥ አክብረን እንያዘው። ዓይን በአድማስ ላይ ይቆማል፤ የሚያስብ አእምሮ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል።