እጃቸው ያልታዘዘላቸው ጸሐፊ፦ ኢማም መጅዱዲን ኢብኑል አሲር

ኢብኑል አሲር የሚለው ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ፈጥኖ ትዝ የሚለን አል-ካሚል የተሰኘው ታላቅ የታሪክ ኪታብ ነው። እርስዎም ይህንኑ አስበው ከሆነ አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠሩት አንድ ሰው ሳይሆኑ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሦስቱም በብዕራቸው የታወቁ። መካከለኛው ዒዙዲን የታሪክ ሰው፣ ታናሽየው ዲያኡዲን የሥነ ጽሑፍ ሰው፣ ታላቅየው መጅዱዲን ደግሞ የሐዲስ ሰው ነበሩ። በዚህች መታሰቢያ መጽሔት ላጫውትዎት የፈለግሁት ስለ ታላቅየው ነው። እሳቸው ዛሬም ድረስ ዑለማኦች ከአጠገባቸው የማይለዩአቸውን ኪታቦች ያዘጋጁት እጃቸው ብዕር መያዝ፣ እግራቸውም መሬት መርገጥ ከተሳነው በኋላ ነውና።

ሙሉ ስማቸው አቡ ሰዓዳት አል-ሙባረክ ኢብን ሙሐመድ ነው። በ544 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1149) በጤግሮስ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጀዚረት ኢብን ዑመር ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ስትሆን ጂዝሬ ትባላለች። አባታቸው በዘንጊዎች መንግሥት የታመኑ ሹም ስለነበሩ ልጆቹ ከችግር ርቀው፣ ከኪታብና ከመዝገብ ጋር ነው ያደጉት። መጅዱዲን በ20 ዓመታቸው ገደማ ወደ ሞሱል ገቡ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም በዚያው አሳለፉ።

ነሕው ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ ኢብን አድ-ደህሃን ነበሩ። ስለ እኒህ መምህር የሚተረከው ነገር ስለሚያስገርም ጥቂት ልቆይበት። ባግዳድ የቀሩ ኪታቦቻቸው በጎርፍ ተበላሽተው ወደ ሞሱል ተላኩላቸው። ሽታቸውን ለማጥፋት ብለው ብዙ የሙጫ ዕጣን እያጨሱ ሲያጥኗቸው ጭሱ ዓይናቸውን አጠፋው ይባላል። እንግዲህ መጅዱዲን የዐረብኛን ሰዋስው የተማሩት ኪታቦቹን ለማዳን ሲል የዓይኑን ብርሃን ካጣ ሊቅ ነው።

ትምህርታቸው ዘለቅ ሲል፣ ጽሕፈትና ሒሳብ አዋቂ መሆናቸው ስለታየ መንግሥት ቤት ገቡ። መጀመሪያ የሞሱል አስተዳዳሪ የነበረውን ሙጃሂዱዲን ቃይማዝን፣ ከዚያም ገዥውን ዒዙዲን መስዑድን፣ በኋላም በእ.ኤ.አ. 1193 ሥልጣን የያዘውን ልጁን ኑሩዲን አርሰላን ሻህን አገለገሉ። የገዥውን ደብዳቤዎች የሚያረቁት፣ የሚስጥሩም ተካፋይ የሆኑት እሳቸው ነበሩ። ኑሩዲን አርሰላን ሻህ ከዚህም ከፍ አድርጎ ዋና ሚኒስትር ሊያደርጋቸው ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ አልተቀበሉም። በመንግሥቱ ዳርቻ አንድ ገበሬ እንኳ ቢበደል በደሉ በእሳቸው ስም እንደሚጻፍ፣ ግዛትም ያለ ጭካኔ እንደማይቆም፣ ጭካኔ ደግሞ ከእሳቸው እንደማይሆን ነገሩት። ሹመት ምን እንደሚያስከትል ከሩቅ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ታናሽ ወንድማቸው ዲያኡዲን በደማስቆ የሰላሑዲን ልጅ የአል-አፍደል ሚኒስትር ሆኖ፣ ሕዝቡ ሲጠላው በተቆለፈ ሣጥን ተደብቆ ከከተማዋ እንደወጣ ይተረካል።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ በሽታው የመጣው። የዘመኑ ጸሐፊዎች ኒቅሪስ ይሉታል፤ እኛ ሪህ የምንለው ነው። የዛሬ ሐኪሞች ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ እንደ ጥቃቅን መርፌ በመገጣጠሚያ ላይ ሲከማች እንደሆነ ያስረዳሉ። ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ሕክምና ሳያገኝ ሲቆይ ጣቶችን ያጣምማል፣ ጉልበትንና አንጓን ያደርቃል። ሪህ ያለበት ዘመድ ካለዎት ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ያውቁታል፤ የተደረበለት አንሶላ እንኳ ሲነካው ያመዋል። በመጅዱዲን ላይ ሕመሙ እጅና እግራቸውን አንድ ላይ ያዘ። ደብዳቤ በማርቀቅ ይታወቁ የነበሩት ሰው መጻፍ ፈጽሞ ተሳናቸው። የግድ መውጣት ሲኖርባቸው በቃሬዛ ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያ ውጭ ቤታቸው ዋሉ።

በእ.ኤ.አ. 1211 በኢርቢል የተወለዱት ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኸሊካን እንደሰሙት፣ መጅዱዲን ኪታቦቻቸውን ሁሉ ያዘጋጁት በዚህ ከሥራ በተለዩበት ጊዜ ነው። ጊዜ አገኙ፤ በመምረጥና በመጻፍ የሚረዷቸውም ሰዎች ነበሯቸው። ይህችን ስለ ረዳቶቹ የተነገረች አጭር ቃል እንዳያልፏት እለምንዎታለሁ። በአገራችን በወሎም ሆነ በሌላው ቦታ ደረሳው ኪታቡን እያነበበ ሸይኹ ሲያብራሩ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይፈልጋል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ሊቁ ተኝተው ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ይህን አስገባ ያንን ተው ይላሉ። የእነዚያ ረዳቶች ስም አልደረሰንም፤ ሥራቸው ግን ደርሶናል።

ከኪታቦቹ አንዱ ጃሚዑል ኡሱል ነው። የኢማም ማሊክን ሙወጠእ፣ ቡኻሪን፣ ሙስሊምን፣ አቡ ዳውድን፣ ቲርሚዚንና ነሳኢን አንድ ላይ ያሰባሰበ ሲሆን በውስጡ ከ9,500 በላይ ሐዲሶች ይገኛሉ። መነሻቸው የአንደሉሱ ሰው የረዚን ኢብን ሙዓዊያ ሥራ ነበር፤ እሳቸው እንደገና አደራጁት፣ ርእሶቹን በፊደል ተራ አስቀመጡ፣ እያንዳንዱ ሐዲስ ከየትኛው ኪታብ እንደተወሰደ የሚያሳይ የፊደል ምልክት አደረጉለት፣ ከባድ ቃላትንም ፈቱ።

ከሁሉ ይበልጥ የተወደደላቸው ግን አን-ኒሃያ ነው። ይህ በሐዲስ ውስጥ የሚገኙትን ብዙም ያልተለመዱ ቃላት የሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። ከእሳቸው በፊት አቡ ዑበይድ አል-ሀረዊ አንድ ኪታብ ጽፈው ነበር፤ የኢስፈሃኑ አቡ ሙሳ ደግሞ ከዚያ የቀረውን በሌላ ኪታብ ሞሉ። ስለዚህ አንድ ቃል የፈለገ ሰው ሁለት ኪታብ ማገላበጥ ነበረበት። መጅዱዲን ሁለቱን አዋሃዱ፣ ብዙም ጨመሩበት። ከሀረዊ የመጣው ቃል ላይ ሃእ የተባለችውን ፊደል፣ ከአቡ ሙሳ የመጣው ላይ ሲንን አደረጉ፤ የራሳቸውን ጭማሪ ያለ ምልክት ተዉት። ይህን ልብ ይበሉ። በሰው እጅ የሚያስጽፍ ሰው የማን ቃል የማን እንደሆነ ሊደባለቅበት በጣም የቀረበ ነው። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ባለቤት ሐቅ በአንዲት ፊደል ጠበቁ። በኋላ ኢብን መንዙር ሊሳኑል ዐረብ የተባለውን ግዙፍ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ከአምስቱ ምንጮቻቸው አንዱ አን-ኒሃያ ሆነ። ሱዩጢም አሳጥረው ጻፉት።

የቁርኣን ተፍሲርም አላቸው፤ የሠዕለቢንና የዘመኽሸሪን ተፍሲሮች ያገናዘቡበት ነው። ዘመኽሸሪ እንደሚያውቁት አንድ እግራቸው ተቆርጦ በእንጨት እግር የሚሄዱ ሰው ነበሩ። መቆም የማይችሉት ሊቅ የአንድ እግሩን ሊቅ ኪታብ አስነብበው ሲመዝኑ ማሰብ ለእኔ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። የተረኩት ወንድማቸው ዒዙዲን ናቸው። አንድ የመግሪብ ሰው መጥቶ አድንዎታለሁ፣ እስክትድኑ ድረስም ዋጋ አልቀበልም አለ። በሠራው ቅባት ማሸት ጀመረ። መድኃኒቱ ሠራ፤ የደረቁት እግሮች ላሉ፣ መዘርጋትም ጀመሩ። ሙሉ ጤና በተቃረበ ጊዜ መጅዱዲን ወንድማቸውን ጠርተው ለሰውየው የሚያስደስተውን ከፍሎ እንዲያሰናብተው አዘዙ። ዒዙዲን ደነገጡ፤ መዳኑ በዓይን እየታየ ለምን? መልሳቸው ይህን የመሰለ ነበር። ከባለሥልጣናት ደጅ ከመቆምና ለእነሱ ከመዋረድ ያረፍኩት በዚህ በሽታ ነው። ጤነኛ ብሆን ይጠሩኛል፣ መቅረትም አልችልም። ዛሬ ግን የሚፈልጉኝ ራሳቸው ቤቴ ይመጣሉ። ከዕድሜዬ የቀረው ጥቂት ነው፤ ነፃ ሆኜ ልኑረው። ዒዙዲንም ለሰውየው ከፍለው አሰናበቱት።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ መድኃኒት ለመተው ማስረጃ አድርገው እንዳይወስዱት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ማዘዛቸውን ለመጅዱዲን ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር፤ በገዛ ኪታባቸው ስለ ሕክምና የተለየ ክፍል አለ። እርስዎ ሪህ ካለብዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ መድኃኒቱም ዛሬ አለ። የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው። ከፊታቸው የነበረው ምርጫ በጤናና በበሽታ መካከል ብቻ ሳይሆን በዲዋኑና በኪታቡ መካከልም ነበር። በሽታው የሰጣቸውን ጊዜ ከዳኑ እንደሚነጠቁ አወቁ። ትክክል አደረጉ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ያን ሕመም ያልታመመ ሰው ሊፈርድ ይከብደዋል እላለሁ። ወንድማቸው እንኳ አልተከራከሯቸውም።

ደግሞ ያለ እንከን ሰው አድርጌ አላቀርባቸውም። የሞሱሉ ጸሐፊ ኢብን አሽ-ሸዓር ገንዘብ ላይ እጅግ ጥብቅ ነበሩ ይላሉ። ያው ሰው ግን በሞሱል አካባቢ ቀስር ሐርብ በምትባል መንደር የዒባዳ ሰዎች የሚያርፉበት ሪባጥ ሠርተው ንብረታቸውን ወቅፍ አደረጉለት፤ በከተማው ውስጥ ተኝተው የሚሠሩበትን ቤትም እንዲሁ። ሁለቱን ወሬ እርስዎ ያስታርቁት።

በ606 ዓ.ሂ. በዙልሒጃ ወር የመጨረሻ ቀን (እ.ኤ.አ. በሰኔ 1210) በሞሱል አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ሪባጥ ባደረጉት ቤታቸው ነው፤ ረሒመሁላህ። ዒዙዲን በአል-ካሚል የዚያን ዓመት ጦርነትና የነገሥታት ወሬ ጽፈው ሲጨርሱ የወንድማቸውንም ሞት አስገቡበት፤ ቀኑን፣ የተወለዱበትን ዓመት፣ የተካኑባቸውን ዕውቀቶች በጥቂት መስመር አኖሩና ወደሚቀጥለው ዓመት አለፉ።