አንቶኒያ ሞሪና የልዩ ከዋክብት ብርሃን

የከዋክብትን ተፈጥሮ ከብርሃናቸው ለማወቅ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዷ አሜሪካዊቷ ወይዘሪት አንቶኒያ ሞሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በቫሳር ኮሌጅ ከሥነ ፈለክ ሊቋ ከማሪያ ሚቸል ተምረው በ1887 ተመረቁ። በማግሥቱ ዓመት በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሥራ ጀመሩ።

ተግባራቸው በፕሪዝም ተበትኖ በፎቶግራፍ መስታወት ላይ የታተመውን የከዋክብት ብርሃን መርምሮ በየመደቡ መለየት ነበር። በብርሃኑ ውስጥ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች የንጥረ ነገሮች ምልክቶች ናቸው። ዲሬክተሩ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ሥራው በቶሎ እንዲያልቅ ሲሹ፣ ወይዘሪት ሞሪ ግን የመስመሮቹን ስፋትና ጥራት ጭምር ለመመዝገብ ጸኑ። ድካማቸው በስማቸው እንዲታወቅም ጠየቁ። አለመግባባቱ ስለ በረታ ሥራውን ትተው ወደ ማስተማር ሄዱ፤ ኋላ ግን ተመልሰው ፈጸሙት። የ681 ከዋክብት መዝገብ በ1897 በገዛ ስማቸው ታተመ። በ1905 ዴንማርካዊው ሊቅ ሄርትስፕሩንግ በዚሁ ምደባ ተመርቶ ግዙፋኑን ከዋክብት ከድንኮቹ ለየ።

በመዝገቡ ውስጥ አልፋ 2 ካኑም ቬናቲኮሩም ስለተባለችው ኮከብ የሰፈረው ማስታወሻ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። የካልሲየም መስመሯ ደካማ ሲሆን፣ የሲሊኮን መሆናቸው በኋላ የታወቀው መስመሮች ጎልተው ታዩ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት ዛሬ በኬሚካዊ ይዘታቸው ልዩ የሆኑ ይባላሉ። በጸጥተኛው የላይኛ አካላቸው የስበት ኃይል አንዳንዱን ንጥረ ነገር ወደ ታች ሲያሰጥም፣ የብርሃን ግፊት ሌላውን ወደ ላይ ያነሣል።

የከባድ ንጥረ ነገሮች መስመሮች በብዛት የሚገኙት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ውስጥ ነው። ይህን ብርሃን የምድር አየር ስለሚያግደው ምርመራው ከጠፈር ሊካሄድ ግድ ሆነ፤ ከ1978 እስከ 1996 ያገለገለችው አይ.ዩ.ኢ. ሳተላይትና በ1990 የመጠቀው ሀብል ይህን ፈጽመዋል። ካይ ሉፒ በተባለችው ኮከብ ላይ የተገኘው ሜርኩሪ ከፀሐይ 100,000 እጥፍ ያህል ነው።

ሁለቱም ከዋክብት በኢትዮጵያ ሰማይ ይታያሉ። ደመና በሌለበት የግንቦት ምሽት ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለተመለከተ ሰው የመጀመሪያዪቱ በሰሜን ከፍ ብላ፣ ሁለተኛዪቱ በደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብላ ትገኛለች።

ወይዘሪት ሞሪ በ1943 የአኒ ካነን ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1952ም ዐረፉ። ለጥቃቅኑ ነገር የሰጡት ጊዜ በዘመናቸው እንደ መዘግየት ቢቆጠርም፣ ለተከታዮቻቸው ግን መነሻ ሆኗል።