የይሁዳው ንጉሥ ዮአኪን እና የዘይት ቀለቡ

በዚህ እትም የምናወሳላችሁ የይሁዳውን ንጉሥ ዮአኪንን ነው፤ ኢኮንያንም ይባላል። የታሪኩ ዓመቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ በመሆናቸው እየቀነሱ ነው የሚሄዱት፤ እንዳትደናገሩ።

የሰሜኑ እስራኤል በ722 ገደማ በአሦር እጅ ሲወድቅ፣ ደቡቡ ይሁዳ ኢየሩሳሌምን ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ዳሩ ግን በግብፅና በባቢሎን መካከል የተቀመጠች ትንሽ አገር ምን ሰላም አላት! የዮአኪን አባት ኢዮአቄም ለባቢሎኑ ናቡከደነፆር ሦስት ዓመት ገብሮ ከዳው። ናቡከደነፆር መጥቶ ከተማይቱን ሳይከብ አባትየው ሞተና ዕዳው በ18 ዓመት ልጁ ላይ ወደቀ።

ዮአኪን የነገሠው ሦስት ወር ያህል ነው። በ597 ኢየሩሳሌም ስትከበብ እናቱንና ሹማምንቱን አስከትሎ ወጥቶ እጁን ሰጠ። ፈሪ ነው የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን እንደዚያ አንፈርድበትም። በሱ ፈንታ የተሾመው አጎቱ ሴዴቅያስ በተራው ከድቶ ቢዋጋ፣ ሕዝቡ በረኃብ ካለቀ በኋላ በ586 ገደማ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። ልጆቹ እያየ ታረዱ፣ የሱም ዓይን ወጣ። በዮአኪን ጊዜ ግን ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ እንጂ ከተማይቱ አልነደደችም።

ከሱ ጋር የተጋዘውን ሕዝብ መጽሐፈ ነገሥት 10,000 ይለዋል። ወታደሩ፣ ጠራቢው፣ ብረት ሠሪው ተለቅሞ ሲሄድ የቀረው ድኻው ብቻ ነው።

እኛ መቼም በንብረት ክፍል ሞዴል 22 ስንቆርጥ ያረጀን ሰዎች ነንና፣ ከሁሉ የገረመን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጀርመኖች የባቢሎንን ቤተ መንግሥት ሲቆፍሩ በሸክላ ላይ የተጻፈ የቀለብ ወጪ አገኙ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ተነብቦ ታተመ። ከሸክላዎቹ አንዱ የ592 ነው። የዮአኪን ስም የይሁዳ ንጉሥ ከሚል ማዕረግ ጋር እዚያ ሰፍሯል። በአንዱ ሸክላ ለሱ አሥር መስፈሪያ ዘይት ወጪ ሲሆን፣ ለአምስት ልጆቹ በጠቅላላው ሁለት ተኩል ነው፤ ሲካፈል ለያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል። የሌላ አገር ምርኮኞች፣ አናጢዎችም ሳይቀሩ፣ እዚያው ተመዝግበዋል። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ንጉሡንም አናጢውንም በአንድ መዝገብ ነው የያዘው።

ይኸው ወጪ ሌላም ነገር ያስረዳል። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ዮአኪን ሲነግሥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር ይላል። እንዲያ ቢሆን በ592 ገና 13 ዓመቱ ነው። ታዲያ አምስት ልጅ ከየት መጣ? ስለዚህ የመጽሐፈ ነገሥት 18 ነው ሚዛን የሚደፋው።

ናቡከደነፆር ሞቶ ልጁ ሲነግሥ፣ በ561 ገደማ፣ ዮአኪን ከ37 ዓመት ግዞት በኋላ ከእስር ወጣ። ዕድሜው 55 ደርሷል። የእስር ልብሱን ለውጠው በንጉሡ ማዕድ አስቀመጡት፤ የዕለት ቀለቡም እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። አገሩን ግን አላየም። በ538 የፋርሱ ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ሲፈቅድ፣ ሕዝቡን እየመሩ ኢየሩሳሌም ከገቡት አንዱ የልጅ ልጁ ዘሩባቤል ነው።