ቻርልስ ፓርሰንስ፦ መርከብን ያዘገየውን አረፋ ያገኘ መሐንዲስ

መርከብን በባሕር ላይ የሚገፋት ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ክንፍ ብረት ነው። ስሙም ፕሮፔለር ይባላል። ይህን ብረት በኃይል ማሽከርከር መርከቧን የሚያፈጥናት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ይህን ብዙ ደክሞ ከተረዱት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ፓርሰንስ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓርሰንስ በጁን 13 ቀን 1854 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ አየርላንድ ውስጥ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ በዘመኑ ከዓለም ትልቁን የከዋክብት መመልከቻ ያሠራ መስፍን ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት አልሄዱም፤ አስተማሪዎች ቤት ድረስ እየመጡ ያስተምሯቸው ነበር፤ የእጅ ሥራን ደግሞ በአባታቸው ወርክሾፕ ተማሩ። ቻርልስ 13 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። እሱ ግን በደብሊን ከዚያም በካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ በ1877 ጨረሰ። ቀጥሎም የመስፍን ልጅነቱን ሳይቆጥር ኒውካስል ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ሥራ ለማጆች ሆኖ ገባ።

በ1884 በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚሽከረከር የእንፋሎት ተርባይን ሠራ። የቀድሞው ሞተር ብረት ወዲያና ወዲህ እየገፋ ሲሠራ፣ ተርባይኑ ግን እንፋሎት ክንፎቹን እየመታ እንዲዞር የሚያደርገው ነው። በ1889 ከሸሪኮቹ ሲለያይ የፈጠራው መብት እነሱ ዘንድ ቀረ። ፓርሰንስ ሥራውን አላቆመም፤ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ እንፋሎቱ በሌላ አቅጣጫ የሚያልፍበት አዲስ ዓይነት ተርባይን ሠራ። ከዓመታት በኋላም መብቱን አስመለሰ።

በ1894 ተርባይኑን በመርከብ ላይ ለመሞከር ተርቢኒያ የተባለች 31 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ አሠራ። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። ፕሮፔለሩን ደጋግሞ ቢለዋውጥም ጀልባዋ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር እንኳ አልደረሰችም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ፓርሰንስ ሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል በመሣሪያ ለካ። ሞተሩ ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ኃይሉ የሚባክነው ፕሮፔለሩ ላይ ነበር።

ምክንያቱን ከጎንደር የመጡ እናቶች በቀላሉ ይረዱታል። ባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ በደጋው ቆይቶ ይበስላል፤ በደጋ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃው በቂ ሙቀት ሳይኖረው ይፈላልና። ሐይፋ ባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጣም በፍጥነት የሚዞር የፕሮፔለር ክንፍ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ግፊት እጅግ ስለሚቀንሰው ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ እዚያው ይፈላል፤ አረፋም ይሞላል። ያን ጊዜ ክንፉ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በከንቱ እንደሚሽከረከር የመኪና ጎማ ይሆናል። ይህ ካቪቴሽን ይባላል።

ፓርሰንስ ነገሩን በዓይኑ ለማየት በ1895 ትንሽ የመዳብ ገንዳ ሠራ። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር አስገባበት፤ ውሃው ቶሎ እንዲፈላም አሞቀውና አየሩን አወጣ። ከፕሮፔለሩ ዙር ጋር እኩል ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲያበራበት ክንፉ የቆመ መሰለ፤ አረፋውም ታየ። ዛሬ የመርከብ ፕሮፔለር የሚፈተሽባቸው ትልልቅ ገንዳዎች የዚህች ትንሽ ገንዳ ልጆች ናቸው።

መፍትሔው ሸክሙን ማካፈል ሆነ። በአንዱ ዘንግ ፋንታ ሦስት ዘንጎች፣ በእያንዳንዳቸውም ሦስት ፕሮፔለሮች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ አደረገ። ፍጥነቷ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። በጁን 26 ቀን 1897 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት 60ኛ ዓመት ሲከበር፣ ተርቢኒያ በተሰለፉት የጦር መርከቦች መካከል ሾልካ ስታልፍ የጥበቃ ጀልባዎች ሊደርሱባት አልቻሉም።

ደስታው ግን ሐዘን ተከተለው። በ1901 ተርባይን የተገጠመላቸው ሁለት የጦር መርከቦች ጠፉ፤ አንዷ በጉም ከዐለት ተጋጨች፣ ሁለተኛዋ በማዕበል ለሁለት ተሰበረች። በሁለተኛዋ ከሞቱት መካከል የፓርሰንስ ፋብሪካ ሠራተኞችም ነበሩ። ጥፋቱ የተርባይኑ አልነበረም፤ እሱም ሥራውን ቀጠለ። በ1907 ታላቋ የመንገደኞች መርከብ ሞሪታንያ በተርባይን አትላንቲክን አቋረጠች።

አሁንም አንድ ችግር ቀርቶ ነበር፤ ተርባይን የሚሻው መፍጠን፣ ፕሮፔለር የሚሻው ዝግ ማለት ነው። ፓርሰንስ አንድ አሮጌ የጭነት መርከብ ገዝቶ በሁለቱ መካከል ጥርስ ያለው ማርሽ አስገባ፤ የሚቃጠለው ከሰልም ቀነሰ። በ1919 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ሆኖ የፕሮፔለሮችን ብረት የሚቦረቡረው የባሕር ጨው ሳይሆን አረፋዎቹ ሲፈነዱ የሚያሳርፉት ምት መሆኑን አሳየ።

አንድ ልጁ በ1918 በጦርነት ሞተበት፤ ሴት ልጁ ሬቸል ግን መሐንዲስ ሆነች። ፓርሰንስ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1931 በመርከብ ጉዞ ላይ ሳለ ጃማይካ ላይ ዐረፈ። ተርቢኒያም ኒውካስል በሚገኝ ሙዚየም ትታያለች።

ምሕንድስና ለሚማሩ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ብንነግራቸው መልካም ነው። ፓርሰንስ ጀልባዋ አልሄድ ስትለው ኃይል ከመጨመሩ በፊት ኃይሉ የት እንደሚጠፋ ጠየቀ፤ መልሱንም ያገኘው ውሃውን ቀርቦ በማየት ነው።