ጦሙን ያደረው ማሳና ሐኪሙ ሚኻይል ቹማኮቭ

የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1944 ክራይሚያን ከጀርመን ወራሪዎች ካስለቀቀ በኋላ፣ አዝመራ በመሰብሰብ ገበሬውን እንዲያግዙ የተሰማሩ ወታደሮች ይታመሙ ጀመር። ትኩሳቱ በድንገት ይነሣል፤ ብርቱ የራስና የወገብ ሕመም ይከተለዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከአፍንጫና ከድድ ደም ይፈሳል። ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ተያዙ። ምክንያቱን እንዲያጣራ የተላከውን ቡድን የመሩት የ34 ዓመቱ የቫይረስ ተመራማሪ ሚኻይል ቹማኮቭ ነበሩ።

ቹማኮቭ መዥገርን የሚያውቁት በገዛ አካላቸው ነው። በ1909 በሩሲያ ቱላ ግዛት ተወልደው በ1931 በሞስኮ በሕክምና ተመረቁ። በ1937 በሌቭ ዚልበር ከሚመራው ቡድን ጋር ወደ ሩቅ ምሥራቅ ደን ዘመቱ። ቡድኑ በዚያ ብዙዎችን ይገድል የነበረው የአንጎል ብግነት በመዥገር የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ መሆኑን ደረሰበት። ቹማኮቭ ግን በሥራ ላይ ሳሉ በበሽታው ተያዙ። ከሞት ቢተርፉም ጆሯቸው ተጎዳ፤ ቀኝ እጃቸውም ሽባ ሆነ። ክራይሚያ የደረሱት ይህን ጉዳት ተሸክመው ነው።

መልሱን ያገኙት ከማሳው ነበር። በወረራው ዓመታት እርሻው ጦሙን አድሮ በአረም ተውጧል፤ አዳኝ በመጥፋቱም የዱር ጥንቸል ተራብቷል። ትንንሾቹ መዥገሮች የሚመገቡት ከጥንቸልና ከምድር ከሚለቅሙ ወፎች ደም ነው፤ ያደጉት ግን ትልልቅ እንስሳትን ይሻሉ። ከብቱ ተመናምኖ ነበርና ሰው ወደ ማሳው ሲመለስ የተራበው መዥገር ሰውን አገኘ። መቼም ይህ የመዥገር ዘር ሣር ላይ ተንጠልጥሎ አላፊ አግዳሚ የሚጠብቅ አይደለም፤ በመሬት ላይ ሮጦ ያሳድዳል።

የቹማኮቭ ቡድን በሽታው ከመዥገር የሚመጣ የቫይረስ በሽታ መሆኑን አሳየ። በ1956 በኮንጎ የተገኘው ቫይረስም ከዚሁ ጋር አንድ ሆኖ በመገኘቱ፣ በሽታው ዛሬ የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ይባላል።

ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው ከአሜሪካዊው አልበርት ሳቢን ጋር ተባብረው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ ለሚሊዮኖች ያዳረሱት በአፍ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት ነው። በ1993 በ83 ዓመታቸው አረፉ።

ለመካከለኛው ምሥራቅ ነዋሪ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የክራይሚያው ሥራቸው ነው። በሽታው ኢራቅን ጨምሮ በአካባቢው አገሮች ይታያል፤ በተለይ እረኞችንና አራጆችን ያጠቃል። የሚተላለፈው በመዥገር ንክሻ ብቻ ሳይሆን በታረደ እንስሳ ትኩስ ደም ጭምር ነው፤ ቫይረሱን የተሸከመው በግ ወይም በሬ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል።