ጆሴፍ ፎሪየር፦ ሙቀትን በቀመር ያሰረ ሰው

በዛሬው ጽሑፌ የማስተዋውቃችሁ ሰው ከሞተ ወደ 200 ዓመት ተጠግቶታል። ይሁን እንጂ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ምን ያህል እንደሚግል በሶፍትዌር ማስላት የሚጀምር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ ዛሬም የሚነሳው ከዚህ ሰው ቀመር ነው። ሰውየው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፎሪየር ይባላል።

ፎሪየር እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1768 በኦሴር ከተማ ከልብስ ሰፊ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ እናትም አባትም ሞቱበት። መነኮሳት በሚመሩት ወታደራዊ ትምህርት ቤት ሲማር በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የመድፈኛ መኮንን ልሁን ብሎ ቢያመለክት የመኳንንት ዘር አይደለህም ተብሎ ተከለከለ። ከዚያ ገዳም ገባ፤ ሳይመነኩስ በ1789 ወጣ። በአብዮቱ ዘመን በከተማው ኮሚቴ ውስጥ ሲሳተፍ ቆይቶ በ1794 ታሰረ፤ የተፈታው ሮብስፒየር ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ በካይሮ የተቋቋመው የምርምር ተቋም ጸሐፊ ሆነ። ወደ አገሩ እንደተመለሰ በ1802 የኢዜር አውራጃ አስተዳዳሪ ተደርጎ ግሬኖብል ተላከ። እዚያ ረግረግ ያስደርቃል፣ መንገድ ያስጠርጋል። በዚሁ የቢሮ ሥራ መሃል ነው እንግዲህ ሙቀትን ማጥናት የያዘው። የብረት ቀለበት አንድ ቦታ ላይ እያጋለ፣ ሙቀቱ ዙሪያውን እንዴት እንደሚሄድ በቴርሞሜትር ይለካ ነበር።

የደረሰበት ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ መጠኑም በሁለቱ ቦታዎች የሙቀት ልዩነት፣ በርቀታቸውና በዕቃው አስተላላፊነት ይወሰናል። ይህን በ1807 ለፓሪስ ሊቃውንት ቢያቀርብ ላግራንዥ የሒሳቡን መንገድ አልቀበልም አለ። በ1811 አሻሽሎ አቀረበና ሽልማቱን አሸነፈ፤ ዳኞቹ ግን ማረጋገጫው ይጎድላል ስላሉ ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ። መጽሐፉ የወጣው በ1822 ነው። አስራ አምስት ዓመት እኮ ነው! ዳኞቹም በከንቱ አልተከራከሩም፤ የጎደለውን ማረጋገጫ ዲሪክሌ የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ በ1829 አቀረበ። ፎሪየር በቀጣዩ ዓመት፣ ሜይ 16 ቀን 1830 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ፎሪየር አንድ ነገር በግምት አልፎ ነበር። ብረቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት በጥንቃቄ ሲያሰላ፣ ብረቱን የሚነካውን አየር ግን በአንድ ቁጥር ብቻ ወከለው። እውነተኛው አየር እንደ ፍጥነቱና እንደ ዕቃው ቅርጽ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1961 ፔሬልማን የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ ጠጣሩንና ፈሳሹን አጣምሮ ማስላት የሚለውን ሐሳብ ስም ሰጥቶ አቀረበ። ዛሬ አንሲስና ኦፕንፎምን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ለጀማሪ ሂደቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን፣ በላዩ ያለውን ማቀዝቀዣ ብረትና በዙሪያቸው ያለውን አየር ሁሉንም መሳል ያስፈልጋል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የዕቃውን ዓይነት መስጠት፣ ከዚያም ሁሉን ሜሽ በሚባለው መረብ መከፋፈል ነው፤ አየሩ ብረቱን በሚነካበት ቦታ መረቡ መድቀቅ አለበት። ዋናው ቁም ነገር ያለው ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው፦ በሁለቱም ወገን የሙቀት መጠኑ እኩል ነው፤ ከብረቱ የወጣው ሙቀትም ሳይጎድል አየሩ ውስጥ ይገባል። ድንበሩ በትክክል ካልተያያዘ ሶፍትዌሩ ግድግዳውን ሙቀት እንደማያሳልፍ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔም ቢሆን ግን ቀይና ሰማያዊ ያለው የሚያምር ሥዕል ያወጣል!

ስለዚህ መመርመር ግድ ነው። ፕሮሰሰሩ 50 ዋት ካመነጨ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ አየሩ ይዞት የሚወጣውም 50 ዋት መሆን አለበት። ካልሆነ ሥዕሉ ውሸት ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ ከዚህ ምን እንማራለን? ያማረ ሥዕልና ሰንጠረዥ ሲቀርብልን የገባው ከወጣው ጋር ይገጥማል ወይ ብለን እንጠይቅ። ፎሪየር በአስራ አምስት ዓመት ትዕግሥት የሠራው ቀመር ዛሬ በደቂቃ ይሰላል፤ መጠየቁን ግን ማሽኑ አይሠራልንም።