አባ ሙሴ ጸሊም

 

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖሩ ልጆች ውኃ ቀድቶ ዳገት መውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቃላችሁ። የተሸከማችሁት ጀሪካን ቀዳዳ ቢሆን ምን ይሆናል? ውኃው ከኋላችሁ እየተንጠባጠበ መንገዱን ያረጥበዋል። እናንተ ግን ፊት ፊታችሁን ስለምታዩ አይታወቃችሁም፤ የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የምንኩስና ሥርዓትም እንዲሁ ከሩቅ ምንጭ የመጣ ነው። ምንጩም የግብፅ በረሃ ነው። ዛሬ ታሪኩን የምትማሩት አባት በዚያ በረሃ ከኖሩት ቅዱሳን አንዱ ነው። ሲጀምር ግን ቅዱስ አልነበረም፤ ሌባና ሽፍታ ነበር፤ ነፍስም እንዳጠፋ ይነገራል። ስሙ አባ ሙሴ ጸሊም ይባላል። ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። ባሕረ ኤርትራን ከከፈለው ከሊቀ ነቢያት ሙሴ ጋር እንዳታምታቱት።

ሽፍትነቱ

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። የአንድ ሹም ባሪያ ነበር። ጉልበቱ እጅግ ብርቱ ነበር። ስርቆትንና ክፋትን ስላበዛ ጌታው መታገሥ አቅቶት ከቤቱ አባረረው። ሙሴም በረሃ ገብቶ ሸፈተ። ሰባ የሚያህሉ ወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ሰዎችን ያስጨንቅ ጀመር።

አንድ ሌሊት ለዝርፊያ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሻ ጮኸበትና ያሰበው ሳይሳካለት ቀረ። በዚህ ምክንያት ሙሴ በእረኛው ላይ ቂም ያዘ። ሌላ ቀን እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን ሰማ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ሊገድለው እየዋኘ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ አይቶት በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ተደበቀ። ሙሴም ሰውየውን ቢያጣው አራት በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ በዋና ተመለሰ።

እስኪ አስቡ ልጆች፤ እረኛው ሙሴን ምን አደረገው? ምንም አላደረገውም። የጮኸው ውሻው ነው። ለአንድ ውሻ ጩኸት የሰው ነፍስ ሊጠፋ ነበር። ሙሴ ሰይፉን ከመንከሱ በፊት ቂሙን በልቡ ይዞት ነበር። ስለዚህ ነው አባቶቻችን ቂም የነፍስ ግድያ ዘር ነው ብለው የሚያስተምሩት።

ጸጸቱና ንስሐው

ከጊዜ በኋላ የሙሴ ልብ ተነካ። የሠራው ሁሉ ይከብደው ጀመር። ጸጸት ማለት ይህ ነው። ቃየል ወንድሙን አቤልን ገድሎ ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ አላውቅም ብሎ እንደ ካደ፣ በምድርም ላይ ተቅበዝባዥ እንደ ሆነ ተምራችኋል። ሙሴ ግን እንደ ቃየል አልካደም። አስቄጥስ ወደሚባለው የመነኮሳት በረሃ ሄዶ በአባ ኤስድሮስ እግር ላይ ወደቀ። ኃጢአቱንም አንድ በአንድ በጉባኤ ፊት ተናዘዘ። ታላቁ አባ መቃርስ ያን ጊዜ ያየው ራእይ ይነገራል። መልአኩ ጽሑፍ የሞላበት ሰሌዳ ይዞ ነበር። ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአኩ ከሰሌዳው ላይ አንዱን ይደመስስ ነበር፤ በመጨረሻም ሰሌዳው ነጭ ሆነ።

ታዲያ ሙሴ ይቅር ከተባለ በኋላ እጁን አጣምሮ ተቀመጠን? አልተቀመጠም። የቀድሞ ክፉ ልማዱ ለብዙ ዓመታት ተዋጋው። እርሱም በጾምና በጸሎት ታገለው። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ውኃ መቅዳት ወደማይችሉት ወደ ሽማግሌዎቹ መነኮሳት በዓት እየሄደ፣ ማድጋቸውን እያነሣ፣ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ይሞላላቸው ነበር። ሰይፍ ነክሶ ወንዝ ያሻገረው ያ ጉልበት አሁን ለደካሞች ውኃ ተሸከመበት።

አራቱ ወንበዴዎችና ቀዳዳው ማድጋ

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ ወደ በዓቱ ገቡበት። ሙሴ አራቱንም አሸንፎ አሰራቸው። ሊገድላቸው ይችል ነበር፤ ግን አልገደላቸውም። እንዲሁም አልለቀቃቸውም። እንደ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና፣ እርሱ ማንንም መጉዳት እንደማይገባው ገልጾ ምን ይደረጉ እንደሆነ አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ያሰራቸው ያ ስመ ጥሩ ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኮሱ።

በሌላ ጊዜ አንድ መነኩሴ አጠፋና ሊፈርዱበት ጉባኤ ተሰበሰበ። አባ ሙሴን ቢጠሩት እምቢ አለ። ደግመው ቢልኩበት ተነሣና ቀዳዳ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ውኃው ከኋላው ይንጠባጠብ ነበር። መነኮሳቱ ተገርመው ምን እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም ኃጢአቱ እንደዚያ ውኃ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፣ በዚህ ላይ በሌላው ሰው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። መጀመሪያ ያልኳችሁን ጀሪካን አሁን አስታውሱት።

ዕረፍቱ

አባ ሙሴ በኋላ ቅስና ተቀበለ። ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈራ። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ዘራፊዎች ወደ ገዳሙ ሲመጡ፣ መነኮሳቱ እንዲሸሹ መክሮ እርሱ ግን በቦታው ቀረ። ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታችን ያስተማረውን አስታውሶ፣ የቀድሞ ሥራውንም ሳይረሳ፣ ሰይፍ ሳያነሣ ሞተ። ከእርሱ ጋር የቀሩት ሰባት ወንድሞችም ተገደሉ። ዕድሜው 75 ዓመት ያህል ነበር። ዐፅሙ ዛሬም በግብፅ በበራሙስ ገዳም ይገኛል። በዓሉም ሰኔ 24 ቀን ይከበራል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ ሁሉም ኃጢአተኛ ከሆነ ዳኛ አያስፈልግም ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስበው የገደለን ለይቶ ያያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም እንዲሁ ይለያል። በእኛ በወሎ ደግሞ አበጋሮች የሚባሉ ሽማግሌዎች ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። ዳኛው ጥፋቱን መርምሮ ይፈርዳል፤ ሽማግሌው የሁለቱን ቤት ያስታርቃል፤ ካህኑ የበደለኛውን ነፍስ ያክማል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ንስሐ ከዳኛ መደበቂያ ዋሻ አይደለም። ካሣም የሞተውን አያስነሣም።

ልጆች፣ ከመካከላችሁ የዘመድህ ደም አለብህ፣ ስታድግ ትመልሳለህ የተባለ ልጅ ቢኖር፣ ይህን ታሪክ ለእርሱ ብዬ ጽፌዋለሁ። ያ ሸክም የአንተ አይደለም። ሰው መግደል ሙቱን አይመልስም፤ ሌላ እናት ያስለቅሳል እንጂ። አባ ሙሴ ጠላቶቹን በሕይወታቸው ተሸክሞ ለአባቶች እንዳስረከበ፣ አንተም ነገሩን ለሽማግሌና ለዳኛ ተውላቸው። ልብህ ከከበደህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ቂሙንም ገና ትንሽ ሳለ ከልብህ አውጣው።

የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሙሴ በእረኛው ላይ ቂም የያዘው ለምንድን ነው?
2. ከበደል በኋላ ቃየልና ሙሴ ያደረጉት በምን ይለያያል?
3. አባ ሙሴ አራቱን ወንበዴዎች ምን አደረጋቸው?
4. የዳኛ፣ የሽማግሌና የካህን ሥራ ምን ምን ነው? ለየብቻ ጻፉ።
5. በዚህ ሳምንት ቂም የያዛችሁበት ሰው አለ? መልሱን በደብተራችሁ ላይ አትጻፉት፤ ሄዳችሁ ታረቁት።